ቁርጡን እስክናውቅ

ሐምሌ 12

ይድረስ ለአጎቴ፤ ከወንድምዎ ትልቋ ልጅ።

ደህና ነዎት ወይ ብዬ ለመጀመር እጄ አልታዘዝ አለኝ። መልሰው እናንተስ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ጤና ከተባለ እማዬም፣ እኔም፣ ትንሿ እህቴም በእግራችን ቆመናል። ከዚያ ያለፈ የሚወራ የለም።

ከእናንተ አገር በሚመላለሰው መኪና ሹፌር እጅ የላኩት ወረቀት ደርሶኛል። «ስድስት ቀን ሙሉ ምን ስትጠብቁ ነው ሳትነግሩኝ የቀራችሁት?» ላሉት ይቅርታ ብቻ ነው ያለኝ። አባዬን ነበር የምንጠብቀው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር መጣ ስንል ስድስት ቀን አለቀ። ደግሞ ልደብቅዎት አልችልም፣ ሁለታችሁ ከተኳረፋችሁ ዘጠኝ ዓመት ስለሆነ ለእርስዎ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም።

እንዴት እንደሆነ ጠይቀዋል። ሐሙስ ረፋድ ላይ ከወንዙ ማዶ ካለው ጤና ኬላ ስልክ ተደወለ። አንዲት ሴት ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን አልፏታል፤ ነርሷ ብቻዋን ናት። አባዬ ዕረፍት ላይ ነበር፤ ተረኛው ሐኪም ግን በዚህ ጎርፍ አልሄድም አለ። አባዬ ሄደ። ድልድዩ ተዘግቶ ስለቆየው በጀልባ ተሻገረ። ዓርብ ሲመለስ ጀልባዋ መሀል ወንዝ ላይ ተገለበጠች። ባለጀልባው የዛፍ ሥር ይዞ ተረፈ። የሁለት ተሳፋሪዎች ሬሳ በማግስቱ ተገኘ። አባዬ አልተገኘም።

እማዬ ጥቁር አልለበሰችም። «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም፤ ለቀስተኛም ደጄን እንዳይረግጥ» ብላለች። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የሰው ልብስ ትሰፋለች። መምጣት እንደሚፈልጉ ስነግራት ያለችውን እንዳለችው ልጻፈው፤ ቅር አይበልዎት። «እዚህ መጥቶ ምን ያደርጋል? ወንድም ከሆነ ወንዙን ተከትሎ ይሂድ» ነው ያለችው።

አንድ ነገር ይንገሩኝ። አባዬ ዋና እንደሚችል ነው ሁልጊዜ የሚነግረን። እህቴ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነው፤ «ዋና ስለሚችል ሩቅ ወጥቶ ይሆናል» እያለች የትምህርት ቤት ካርታዋ ላይ ወንዙን በጣቷ ትከተለዋለች። እውነት ነው አይደል? ሐኪም የመሆን ሐሳብስ መቼ ነው የመጣበት? ስንጠይቀው ሁሌ በቀልድ ነው የሚያልፈው።

ሐምሌ 17

ለወንድሜ ልጅ፣ ለልጄ።

ወረቀትሽ ሲደርሰኝ ሽንኩርት እየኮተኮትኩ ነበር። መኮትኮቻውን እዚያው ጥዬ ነው የወጣሁት። ይህን የምጽፈው ከድልድዩ የሁለት ቀን መንገድ ዝቅ ብሎ ካለ ወፍጮ ቤት ሆኜ ነው። ባለወፍጮው ደግ ሰው ነው፤ ጠረጴዛውን ለቆልኛል። ወረቀቱ ላይ ነጭ ነገር ካየሽ ዱቄት ነው። ጽሑፌን ግን አትስደቢ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ብወጣም ጽሑፌ ይነበባል፤ አባትሽ ሃያ ዓመት ሙሉ ተምሮ የጻፈውን ራሱም አያነበው።

እናትሽን አልተቀየምኳትም። ልክ ናት። ወንዙን ይዤዋለሁ፣ ቁርጡን ሳላውቅ አልለቀውም ብሎሻል በያት።

ስለ ዋናው ልዋሽሽ ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ወንድሜ ዋና አይችልም። እኔም አልችልም። እኛ ቤት ውሃ ማለት የመስኖ ቦይ ነው፤ ከጉልበት አያልፍም። ከቤት በወጣ ቁጥር እንዳትሰጉ ብሎ የነገራችሁ ነው። ለትንሿ አትንገሪያት። ወይ ንገሪያት። እኔ እንጃ ልጄ፣ የማውቀው ነገር ሁሉ ጠፍቶብኛል።

ሐኪም መቼ እንደሆነ ግን አውቃለሁ፣ ፊቴ ነው የሆነው። እሱ አሥር፣ እኔ አሥራ አራት ዓመታችን ነበር። አባታችን እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ሾልኮ ጭኑን በረቀሰው። ደሙ እንደ ተሰበረ ቧንቧ ነው የፈነጠቀው። እኔ እየጮህኩ ፈረሱን ጋሪው ላይ ስጠምድ፣ እሱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሁለት አውራ ጣቶቹን ቁስሉ ውስጥ ከትቶ ያዘ። ማን እንዳሳየው አላውቅም። ጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ መንገድ ከተባለ ነው እንጂ ጉድጓድ ነው። ጋሪው ሲዘል አብሮ ይዘላል፤ ጣቱን ግን አላነሣም። ስንደርስ ሐኪሙ «ጎበዝ፣ በቃ ልቀቅ» ቢለው አልለቅ አለ። እምቢ ብሎ አይደለም፣ ጣቶቹ ደርቀው ነው። አንድ በአንድ ያላቀቅኩለት እኔ ነኝ።

አባታችን ተረፈ፤ እግሩ ግን ለእርሻ አልሆነም። ከሁለት አንዳችን ሞፈር መጨበጥ ነበረብን። እኔ ጨበጥኩ። ተገድዶ ነው ለሚሉሽ ሰዎች ማንም አላስገደደኝም በያቸው። የዚያን ቀን እነዚያን ጣቶች ያየ ሰው ሞፈር አያስይዛቸውም።

ቀጥሎ ገበያ ከተማው እደርሳለሁ። ሹፌሩ ያገኘኛል፣ በእሱ ላኪ። ወንድሜ ቤት ውስጥ እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ጻፊልኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላየሁትም። በየመንደሩ «እንዴት ያለ ሰው ነው የምትፈልገው?» ሲሉኝ የምነግራቸው የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው መልክ ነው።

ሐምሌ 24

ይድረስ ለአጎቴ፣ ያሉበት ቦታ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ቀኑን ሙሉ ሥራ አላሠራኝም። አሁን ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ የቀረው ሸብቷል። ከስቷል። መነጽር አድርጓል፣ የመነጽሩ አንዱ ዘንግ በፕላስተር የተያያዘ። ይህን ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ይንገሩልን።

ቤት ውስጥማ ከተማ ሠላሳ ዓመት ኖሮ አሁንም ገበሬ ነው። ገና ሳይነጋ ይነሣና ሁላችንንም በኮቴው ይቀሰቅሰናል። በረንዳው ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተከላቸው አሥራ አንድ ቲማቲሞች አሉ። ወደ ሆስፒታል ከመሄዱ በፊት እነሱን እንደ ተኝተው ታካሚዎች ይጎበኛል፤ «አንተስ ዛሬ እንዴት አደርክ? ቅጠልህ ለምን ገረጣ?» ይላል። እማዬ ልብስ ሰፊ ሆና ሳለ የእህቴን የትምህርት ቤት ቀሚስ የሚተኩሰው እሱ ነው። «ሆድ የሚሰፋ እጅ ሽንሽን አያቅተውም» ይላል። ቀልድ ሲያወራ ሳይጨርሰው ራሱ ስለሚስቅ እስካሁን መጨረሻውን ሰምተን አናውቅም። ከእማዬ ጋር ሲጣሉ በሐኪም ወረቀት ላይ ይቅርታ ጽፎ፣ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ብሎ ስፌት መኪናዋ ላይ ያስቀምጥላታል። ጽሑፉ ስለማይነበብ የማነብላት እኔ ነኝ። እኔ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ስለምሠራ ለምጄዋለሁ።

ካርድ ክፍሉ ነው የገደለኝ። በየቀኑ የእሱ በሽተኞች ይመጣሉ። ትናንት አንድ ሽማግሌ ካርዳቸውን አልሰጥም ብለው በመስኮቱ በኩል ተናነቁኝ። «ሌላ ሐኪም አልፈልግም፤ እስኪመጣ እዚህ እቀመጣለሁ» አሉ። ተቀመጡ። ልንዘጋ ስንል ሁለት ዘበኞች ደግፈው አስወጧቸው። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ከአስተዳደር ቢሮ ለአባዬ ደብዳቤ መጣ። «ያለ ፈቃድ በሥራ ገበታዎ ላይ ባለመገኘትዎ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል» ይላል። ማህተም አለው። እማዬ አነበበችው፣ አራት አጠፈችው፣ «ሲመጣ ራሱ ይመልስላቸዋል» ብላ የእሱ ትራስ ሥር አስቀመጠችው።

እፈራላታለሁ፣ አጎቴ። አትበላም። «ነበር» የሚለውን ቃል ከልክላናለች፤ ስለ አባዬ ስናወራ ካመለጠን ተነሥታ ትወጣለች።

እንግዲህ ወንዙን ይዘው እየሄዱ ነውና እኔም ልድፈር። ለምን ነበር የተኳረፋችሁት? እማዬ «አጎትሽ የአያትሽን መታመም ከአባትሽ ደብቆ፣ ከተቀበሩ በኋላ ነው የነገረው» ከማለት በቀር አትጨምርም። አባዬ ደግሞ ስምዎ ሲነሣ ወደ ቲማቲሞቹ ይወጣል። ሐኪም ልጅ እያለ አባት ተደብቆ ይሞታል? ካስቀየምኩዎት ይተዉት።

ሐምሌ 29

ለልጄ።

አዲስ ነገር የለም። ምንም አላገኘሁም። ውሃው እንደ ድፍርስ ጭቃ ነው፤ ሰው ቀርቶ ዝሆን ቢወድቅ አያሳይም። እግሬ ትንሽ አብጧል እንጂ ደህና ነኝ። ስለ መኝታዬ አትጨነቂ፣ ሰው ሁሉ ያስጠጋኛል።

ስለ ጠቡ የጠየቅሽኝን ዛሬ አልመልስልሽም። አልተቀየምኩም። ሌላ ቀን።

ይልቅ አንድ ነገር ልንገርሽና ለትንሿ አጫውቻት። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ ለዕረፍት ሲመጣ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ከመንደሩ ቀድሞ የተመረመረው በሬያችን ነው። ደረቱ ላይ ለጥፎ አዳመጠና «ልቡ ደህና ነው» አለ። አባታችን «ልቡንማ እኔም አውቀዋለሁ፣ ሰነፍ ነው፤ ሰውነቱን መርምርልኝ» አለው። ያን ዕለት ሁላችንም ሳቅን። በማግስቱ ማዳመጫውን አስቀምጦ ከእኔ ጋር አረሰ። መዳፉ ተልጦ ደም በደም ሲሆን በጨርቅ አስሮ ቀጠለ። «ተው፣ እጅህ ያስፈልግሃል» ብለው «ያንተስ አያስፈልግህም?» አለኝ። ይህ ነው ወንድሜ።

እናትሽን ብይልኝ ጠጪልኝ ብሎሻል በያት። ሌላ የምለው የለኝም።

ነሐሴ 3

ለአጎቴ።

ሰላምታ አልጽፍም፤ ይቅር ይበሉኝ።

«ምንም አላገኘሁም» ብለው ጻፉ። ያንኑ ደብዳቤ ያመጣው ሹፌር ግን በራችን ላይ ቆሞ፣ «ቦርሳው መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ አይዟችሁ» አለን። እማዬ አጠገቤ ቆማ ነበር። «የምን ቦርሳ?» አለች። ሹፌሩ ምስኪን ላብ አጠመቀው። የአባዬን ቦርሳ ከሳምንት በፊት እንዳገኙትና በማዳበሪያ ጠቅልለው እንደያዙት ከሹፌር ሰማን። ለምን ከሹፌር? አያቴን ደበቁት፤ አሁን ደግሞ ይህን። እርስዎ ሰው ሲሞት ለማን ነው የሚናገሩት?

ከዚህ በላይ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። የሚታየው ጥቁር ነገር እሱ ነው።

አሁን የምጽፈውን ግን አልሰርዘውም። እርስዎን ደባቂ ያልኩት እኔ ራሴ የደበቅኩት ነገር እየበላኝ ነው፤ ለሰው ካልተናገርኩት ላብድ ነው። የዚያን ሐሙስ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ካርድ ክፍል ያለው ስልክ ነው የጠራው። ነርሷ እያለቀሰች ነበር፤ ከኋላዋ ሴትየዋ ስትጮህ ይሰማኛል። አባዬ የደሞዝ ቀን ስለነበር አጋጣሚ ሆኖ አጠገቤ ቆሟል። «ድልድዩ ክፍት ነው ወይ በያት» አለኝ። እኔ አልጠየቅኳትም፣ አጎቴ። ከጠየቅኳት ሌላ ደቂቃ ይሄዳል፣ ሴትየዋ እየጮኸች ነው። «ክፍት ነው» አልኩት። ከራሴ ነው ያልኩት። አባዬ ቦርሳውን አንሥቶ ጉንጬን ሳመኝና ወጣ።

እማዬ አታውቅም። ማንም አያውቅም። ተረኛውን ሐኪም ከተማው ሁሉ ሲረግመው አብሬ እሰማለሁ። ያ ሐኪም ግን ልክ ነበር። አባዬን ወንዙ ዳር የላክሁት እኔ ነኝ።

ስልኩ ከዚያ ቀን ወዲህ ተቆርጧል፤ ሴትየዋ ትኑር ትሙት እንኳ አላውቅም። ማወቅም እፈራለሁ። እርስዎ ካወቁ ይንገሩኝ። ቦርሳው ውስጥስ ምን አለ?

ነሐሴ 11

ልጄ፣ ይህን ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። መጀመሪያ ተቀመጪ።

ወንድሜን አግኝቼዋለሁ።

ከገበያ ከተማው ሦስት ቀን ዝቅ ብሎ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩበት መንደር አለ። በጠፋ በዘጠነኛው ቀን ውሃው መረባቸው ላይ አመጣላቸው። ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር የሚነግሩት ሰው አጡ፤ ማቆየትም አልተቻለም። አጥበው፣ በንጹሕ አንሶላ ከፍነው፣ ውሃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ቀበሩት። ስሙን ስለማያውቁ ሳንቃ ላይ «እንግዳው» ብለው ጽፈውበታል። መንደሩ ገብቼ «ሸበቶ፣ ከፊት ፀጉሩ የሸሸ» ብዬ መናገር ስጀምር አንዲት ትልቅ ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያጠበችው እሷ ናት። ቤቷ ገብታ በጨርቅ የተቋጠረ ቀለበት አመጣችልኝ። «ሰው ይመጣል ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» አለችኝ። በውስጥ በኩል በጥቁር የቁስል መስፊያ ክር ተጠምጥሟል፤ ሲከሳ ጣቱ ላይ እየላላ አስቸግሮት የጠመጠመው ይመስለኛል። እናትሽ ታውቀዋለች። ፖስታው ጥግ ላይ ሰፍቼ ልኬዋለሁ። መቃብሩን አላስከፈትኩም። ያልኩት አንድ ነገር ቢኖር «ታናሼ፣ መጣሁ» ብቻ ነው።

አሁን ለጥያቄዎችሽ ልመልስ። ቦርሳው ባዶ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሁሉንም ውሃ ወስዶታል። ባዶ ቦርሳ ይዤ ለእናትሽ ምን ልበላት? ለዚያ ነው የደበቅኩት። አጥፍቻለሁ።

ሴትየዋ ተርፋለች። ሕፃኑ አልተረፈም። ነርሷን ገና መንገድ ስጀምር ሄጄ አነጋግሬያታለሁ። አባትሽ ከሕፃኑ ጋር ብዙ ታግሏል። ከዚያ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ሻይ ቢሰጡት አልጠጣም።

ስለ ድልድዩ። ባለጀልባውን ያነጋገርኩት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ የነገረኝ ነገር ላንቺ መድኃኒት መሆኑን ግን አላወቅኩም ነበር። አባትሽ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ተዘግቶ አገኘው። ዘበኛው «ጌታዬ ተመለሱ» አለው። ቆሞ ውሃውን ብዙ አየ፤ ከዚያ ራሱ ወደ ባለጀልባው ሄደ። ባለጀልባው «ዋና ይችላሉ?» ቢለው «አልችልም፤ አንተ ግን መቅዘፍ ትችላለህ» ነው ያለው። ያንቺ ቃል ያደረሰው ወንዙ ዳር ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በገዛ እግሩ ነው የሄደው። በዚህ ጥፋትሽ ቀርቷል አልልሽም። ጸጸትን እኔ ዘጠኝ ዓመት አይቼዋለሁ፣ አይቀርም። ሸክሙ ግን ሙሉውን ያንቺ አይደለም።

የእኔን ደግሞ እንኪ። አባታችን አንጀቱ ታጥፎ ሲታመም፣ እናትሽ ትንሿን አርግዛ ደም ይፈስሳት ነበር። ወንድሜ «ካጠገቧ ብነሣ ሁለቱንም አጣለሁ» ብሎ ጽፎልናል። ደብዳቤውን ለአባታችን አነበብኩለት። ልጠራው ስል እጄን ያዘኝ። «አንድ ሐኪም ሁለት በሽተኛ በሁለት አገር አይዝም። የተወለደው ይቅር፣ ያልተወለደው ይምጣ። እንዳትነግረው» አለኝ። አስማለኝ። በአራተኛው ቀን ሞተ። ወንድሜ መጥቶ እላዬ ላይ ሲጮህ ምን ልበለው? ልጅህ በሕይወት ያለችው አባትህ ስለሞተ ነው ልበለው? ልጅቷን ባየ ቁጥር ያን እንዲያስብ? የእኔ መጠላት ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ስታድግ እነግረዋለሁ እያልኩ ነበር። ጊዜ ያለኝ መስሎኝ። ቂል ነኝ፣ ልጄ።

ወንድሜን ወደ እርሻችን ላምጣው ወይስ እዚህ ይረፍ? እናትሽ የምትለውን ነው የማደርገው።

ነሐሴ 15

ይድረስ ለአጎቴ።

ደብዳቤውን ለብቻዬ አላነበብኩትም። እማዬ ፖስታውን ከሹፌሩ እጅ ስትቀበል ጥጉን በጣቷ ዳሰሰችው፤ የጨርቅ ውስጥ መርፌ የሚያገኙ ጣቶች ናቸው። እዚያው ቀደደችው። ቀለበቱን አየች፤ ከዚያ ደብዳቤውን ቆማ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሦስት ጊዜ አነበበችው። እኔን ሳታየኝ ገብታ ከስፌት መኪናዋ ላይ የሰው ቀሚስ አነሣች፣ በጥንቃቄ አጠፈችው። ያኔ ነው የጮኸችው። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ በሩን ከፈትኩ፤ ማንንም አልከለከለችም።

በማግስቱ ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ድልድዩ ክፍት ነው ያልሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ያለችኝን አልጽፍልዎትም። ለማንም አልጽፈውም። እስካሁን አብረን አንድ ማዕድ ላይ እንቀመጣለን፤ ለዛሬ ያለኝ ይኼ ብቻ ነው።

ሽማግሌው በሽተኛ ለቅሶ መጥተው ነበር። ካርዳቸውን ሰጡኝ፤ «እንግዲህ ሌላውን ጥሪልኝ» አሉኝ። ከሰማሁት ለቅሶ ሁሉ እሱ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

ስለ አያቴ የጻፉትን እማዬ ለእህቴ እንዳልነግራት አስምላኛለች። እኔም እርስዎም አንድ መሐላ ላይ ነን እንግዲህ። ለእርስዎ ይህን ጻፊለት ብላኛለች፦ «እዚያው ይረፍ። ያጠቡት እጆች ያሉበት ይሁን፤ ዳግም በመኪና አይንገላታ። እርጉዝ ሆኜ አልጋ ላይ ከነበርኩ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስረግመው የኖርኩትን ሰው ምን እንደምለው ስመጣ አስብበታለሁ። እስክንመጣ ግን ካጠገቡ እንዳይነሣ።»

መንገዱ ተከፍቷል ብለውናል። ቅዳሜ በዚሁ መኪና እንመጣለን፣ ሦስታችንም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት። እህቴ እርስዎን አይታዎት አታውቅም። ትናንት «አጎቴ አባዬን ይመስላል?» አለችኝ። እኔ ሳልመልስላት እማዬ ከጓዳ ሆና «ቁርጥ አባትሽን ነው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ቀሚሷን ራሷ እየተኮሰች ነው። ቅዳሜ ከመኪናው ስንወርድ ወደ እርስዎ ከሮጠች፣ እባክዎ ማንነትዎን ቶሎ አይንገሯት።